ያልቆጠርኩላት ሰባት ቤት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየሁዳዴው ጥቃቅኑን ኃጢአቴን ስናዘዝ ይህችን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ።

ጣልያን የጣርማ በርን መንገድ ሲያሠራ ድንጋይ ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ወላጆቻችን ሞተው፣ ቤታችን ባዶ ሆኖ ነበር። ታናሽ እህቴን አስካለን የወታደሮቹን ልብስ እንድታጥብ ወደ ጦር ሰፈራቸው የወሰድኳት እኔ ነኝ። በእሷ ድካም የተገኘውን ዱቄት ተሸክሜ የተመለስኩትም እኔ ነኝ። ከአንዱ ወታደር ፀንሳ ፀዳለን ስትወልድ እሱ አገር ለቆ ነበር። ጣልያን ከወጣ በኋላ እኔም ከአርበኞቹ እኩል ስፎክር "አንተስ የት ነበርክ?" ያለኝ አልነበረም።

ፀዳለ ለትዳር ስትደርስ አንድ የአንኮበር ልጅ ወደዳትና ወደምንኖርበት ደብረ ብርሃን ሽማግሌ ላከ። በእኛ ወግ የሙሽሪት ወገን ዘሯን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አባት ከሌላት አጎት በእናቷ በኩል ቆጥሮ "የእኔ ልጅ ናት" ይላል፤ በዚያው ያልቃል። ሽማግሎቹም የአባቷን ነገር ሳያውቁ አልመጡም። ከእኔ የሚፈለገው አፌን መክፈት ብቻ ነበር።

ፈራሁ። "የእኔ ልጅ ናት" ብል፣ "እናቷን ወደ ጦር ሰፈሩ ማን ወሰዳት?" የሚል ይነሣል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ፎከርኩ።

"የጠላት ዘር በእኔ አፍ አይቆጠርም! ከፈለጋችሁ ሮማ ሄዳችሁ ጠይቁ!"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሽማግሎቹ የቀረበላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ ተነሡ። ፀዳለ ማሰሮውን እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።

"አጎቴ፣ እኔ ምን አደረግሁ?" አለችኝ።

"ወደ ጓዳሽ ግቢ" አልኳት።

በሳምንቱ ከደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ተሳፍራ ሄደች። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ብዙ ዓመት በጣልያን አመካኘሁ። ያ ሁሉ መከራ የእሱ ነው፤ ማን ይክዳል? ያን ቀን ግን እሱ እዚያ ቤት አልነበረም። አስካለ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልነፈገችኝም፤ የልጇን ስም ግን እኔ ፊት ጠርታ አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ "የወሰድከኝ አንተ ነህ" ብላ ብትጮኽብኝ ምናለ!

አስካለን የቀበርን ዕለት ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "ልጅ አልነበራቸውም?" አለኝ።

"አልነበራትም" አልኩት።

አሁን ይቅር በሉኝ የምለው በምን አፌ ነው?