ላምባ የሞላሁበት ጠርሙስ

ማክሰኞ፣ ከአምቦ ወደ ጊንጪ

ከአምቦ የተነሣሁት በካቺሲ ዙሪያ ባሉ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎች የሚማሩትን ጎልማሶች ልፈትን ነው። ጨጓራዬን የሚያመኝ መምህር ነኝ፤ በርበሬ የነካው ምግብ አይስማማኝም። ስለዚህ በሄድኩበት ሁሉ ትንሿን የላምባ ምድጃዬንና የአጃ ዱቄቴን ተሸክሜ እዞራለሁ፤ አጥሚቴን ራሴ አፈላለሁ።

ጣጣው ላምባው ነው። ባለፈው ጉዞ በዘይት ጀሪካን ይዤ ክዳኑ ላላና ዱቄቱን አራሰብኝ፤ ሦስት ቀን ጦሜን ዋልኩ። አሁን ግን ቀደም ብዬ ገበያ ወርጄ ቆርቆሮ ሠሪውን ጠየቅሁ። ባለጥምዝ ክዳን ጣሳ በአራት ብር እሠራልሃለሁ አለኝ፤ «ግን ለዓርብ ነው የሚደርሰው።» ማን ዓርብን ይጠብቃል? ቤት ተመልሼ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አጠብኩ፤ ላምባውን ሞላሁ፤ በቡሽ ወትፌ የሻማ ሰም አንጠባጠብኩበት። ገለበጥኩት፤ ጠብ አላለም። ባለቤቴን «አየሽ ብልሃት?» አልኳት። ኧረ ምኑን ብልሃት!

ረቡዕ፣ ከጊንጪ ወደ ካቺሲ

ከጊንጪ ጨው በጫነ መኪና ላይ በሰባት ብር ተሳፈርኩ። ጀልዱ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መንገዱም ጭቃና ድንጋይ ነው። አንድ ጎማ ፈንድቶ ሁለት ሰዓት ቆምን። ረዳቱ ከረጢቶቹን እያገላበጠ «ጋዝ የያዘ አለ?» ሲል ዝም አልኩ። ምንም አልሸተተውም። እኔም በልቤ ኮራሁ።

ሐሙስ፣ መንደሩ

ከካቺሲ ወደ ቆላው ሦስት ሰዓት በእግር ወርጄ ኦቦ ዱጋሳ ቤት ደረስኩ። አምና ያረፍኩት እዚሁ ነበር፤ ያኔ ኦቦ ዱጋሳን ሆዳቸውን ሲያማቸው ሁለት ጠርሙስ የአምቦ ውሃ አምጥቼላቸው ነበር። ከአምቦ የመጣ እንግዳ ውሃ ይዞ እንደሚመጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ባለቤታቸው ቦንቱ «አካም፣ ባርሲሳ!» ብላ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። የአራት ዓመቷ ልጃቸው ጫልቱ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። ምድጃዬንና ጠርሙሱን መደቡ ላይ ደረደርኩ።

ዓርብ

ጠዋት ከዋርካው ሥር ፈተናው ተጀመረ። ቦንቱ ተራዋ ሲደርስ ጣቷን ከመስመር መስመር እየጎተተች ሙሉውን ገጽ አነበበች። አጨበጨብንላት። እሷ ወደ ቤት ስትመለስ እኔ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ጣቢያ ተሻገርኩ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ጫልቱ በእናቷ ጭን ላይ ሆና ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስላለች። ጠርሙሱ ተከፍቶ አጠገባቸው ቆሟል።

«ሆዴን አለችኝ» አለች ቦንቱ። «ያንተን ውሃ ሰጠኋት። ከጠርሙሱ ጎንጨት አደረገችው።»

ሽታውስ? ቀን ከሌት ኩራዝ በሚበራበት ቤት ምኑ ላምባ ላምባ አይልም!

«ባርሲሳ፣ ምን እናድርግ?» አሉ ኦቦ ዱጋሳ። የተማርኩት እኔ ነኛ! «አስመልሷት!» አልኩ። ጨው በውሃ በጥብጠን አጠጣናት፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ጣት ከተትንባት። አስመለሳት፤ ሳሉ ግን ባሰ። ተሸክመናት ዳገቱን ወጣን። ኦቦ ዱጋሳ ሲደክማቸው እኔ፣ እኔ ስደክም እሳቸው።

ካቺሲ ጤና ጣቢያ ያለው ጤና ረዳት ደረቷን አዳምጦ ቀና አለ። «ማነው አስመልሷት ያለው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ላምባ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ዝም ብላችሁ ብታመጧት ይሻል ነበር» አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረኝም። ምነው በሰደበኝ!

ቅዳሜ

ጫልቱ ረፋዱ ላይ ሞተች። ወደ መንደሩ ይዘናት ወረድን፤ ሳይመሽ ቀበርናት። ማንም አልወቀሰኝም። እንዲያውም ያ የዳገቱ ልፋቴ እየተነሣ ተመሰገንኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሑድ

ልሄድ ስነሣ ቦንቱ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘችኝ። ድምጿ ተዘግቷል።

«ባርሲሳ፣ ምነው ላምባ ብለህ ብትጽፍበት?» አለችኝ። «አነበው ነበር እኮ።»



ማክሰኞ፣ አምቦ

ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ብትለኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጠርሙሱን ሳዘጋጅ ላምባው እንዳይፈስ፣ ዱቄቴን እንዳያበላሽ ብቻ ነበር ያሰብኩት። በየሰው ቤት እያደርኩ፣ ማን ያነሣዋል ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። አሁን ገባኝ፤ አሁን ቢገባኝ ለጫልቱ ምን ይፈይዳል?

ዛሬ ሪፖርቴን ጽፌ ጨረስኩ። ፈተናውን ካለፉት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የቦንቱን ስም አስገብቻለሁ። በሚቀጥለው ወር የምስክር ወረቀቱን ወስጄ በእጇ የምሰጣት እኔ ነኝ። በምን ዓይኔ አያታለሁ?