ትታረድ ያልኳት ፍየል

አህያ መንገድ መሃል ተኝታ ፀሐይ ስትሞቅ ጥሩምባ እንደማያስነሣት የሰቆጣ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። የእኛን ሹፌር ግን ያን ዕለት እልህ ያዘው። ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ ገበያ ወደ ሰቆጣ የምንመለሰው በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን ነበር፤ ሰውም ፍየልም የማሽላ ጆንያም አንድ ላይ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ደግሞ ነፋ፤ አህያዋ ጆሮዋን እንኳ አላዞረችም። በመጨረሻ በዳር ሊያልፋት ሲጠመዝዝ የመንገዱ ጠርዝ ተናደና መኪናው ቀስ ብሎ ማሳ ውስጥ ጋደም አለ። ቀስ ማለቱ በጀን። ሹፌሩ "ያዙ" ለማለት እንኳ ጊዜ ነበረው። እኔም የሰው ምክር እሰማለሁና ያዝኩ፤ የያዝኩት ግን የፍየል ቀንድ ነበር።

አብረን ተንሸራተትን፣ አብረን ወደቅን፣ አብረን ተሰበርን። የእኔ ግራ ቅልጥም፣ የእሷ ደግሞ የኋላ ግራ እግር። ሌላው ተሳፋሪ ከመቧጨር በቀር ምንም አልሆነ። አህያዋ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች፣ ጠጋ ብላ አየችንና መንገዷን ቀጠለች።

እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ሴት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ያን ሰሞን ዝቋላ ውስጥ ፍየል ስከትብ ሰንብቼ ስለነበር ተሳፋሪው ያውቀኛል። ስለዚህ እኔን ማንሣት ትተው ፍየሏን ተሸክመው አመጡልኝ። ማሳው ላይ እንደተዘረርኩ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እግሯን ዳሰስኩና ባለሙያ በሚናገርበት ድምፅ "ይቺ አትድንም፤ ትታረድ" አልኩ።

የፍየሏ ባለቤት አንዲት የዝቋላ እናት ናቸው። የሚወስዷት ለገበያ አልነበረም። ሰቆጣ ያለችው ልጃቸው መንታ ሕፃናት እያሳደገች ጡቷ ስላልበቃቸው፣ ካሏቸው ፍየሎች ሁሉ ወተት የምትሰጠውን አንዷን ለልጅ ልጆቻቸው ይዘው እየሄዱ ነበር። እኔ በአንድ ቃል የፈረድኩት ሁለት ሕፃናት በሚጠብቁት ወተት ላይ ነበር። እናትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፍየላቸው አጠገብ ቁጭ አሉ።

ወጌሻ ከቅርብ መንደር ተጠርተው መጡ። ሽማግሌ ናቸው። ከሁለታችን መጀመሪያ የዳሰሱት ፍየሏን ነው፤ ይህ ትንሽ ከፋኝ። ቀጥለው የእኔን ዳሰሱ፣ ተመልሰው የእሷን። ከዚያ ትታረድ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ማሳው ሙሉ ጣት ወደ እኔ ተቀሰረ።

"ልጄ፣ የሁለታችሁም ስብራት አንድ ነው" አሉኝ ተረጋግተው። "ለዚህ የሚታረድ ከሆነ ከማንኛችሁ እንጀምር?"

ሰው ሁሉ በሣቅ ፈረሰ። እኔም ሣቅሁ፤ በሣቅሁ ቁጥር እግሬ ያመኛል፣ ባመመኝ ቁጥር ደግሞ ይብስ ያስቀኛል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉት እናት ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁና አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ እሳቸውም እየሣቁ ነበር። ማሰሪያ ጨርቅ ሲጠፋ ያንኑ ነጠላ አውልቀው ለሁለት ቀደዱት። ግማሹ ለፍየሏ፣ ግማሹ ለእኔ ሆነ። ወጌሻው የተሰነጠቀ ሸምበቆ ደግፈው በየተራ አሰሩን። ለፍየሏ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና፣ ለእኔ በአማርኛ እያጽናኑ ነበር፤ እሷ ጸጥ አለች፣ እኔ ጮህኩ።

በማግስቱ ሆስፒታል ራጅ ተነሣሁ፤ አጥንቱ ቦታውን ይዟል፣ እንዳትነኪው ተባልኩ። ፍየሏም እኔ የተከራየሁት ክፍል ገባች። መንታዎቹ ያሉበት ቤት አንድ ክፍል ስለሆነ ሕፃናቱ እግሯ ላይ ይወጡባታል፤ ወጌሻውም ሁለት በሽተኛ አንድ ቤት ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል። ፍየል ስትድን አትዋሽም፣ እሷ ረግጣ የቆመች ቀን አንቺም ትቆሚያለሽ ብለው ፈረዱብኝ። ይኸው የአምስት ዓመት የኮሌጅ ትምህርቴ በፍየል እግር ተንጠለጠለ።

እናትየዋ ልጃቸው ዘንድ ሰነበቱና ጠዋት ጠዋት እየመጡ ያልቡ ነበር። መጀመሪያ የፍየሏን ደኅና ማደር ይጠይቃሉ፣ ከዚያ የእኔን። እኔ በጸጸት ተይዤ ከአልጋዬ ሳልወርድ አበላታለሁ፤ ቅጠሉን፣ ገለባውን፣ የቂጣዬን ግማሽ። እሷም የወር ሪፖርቴን ጨመረችበት። አለቃዬ ደውሎ ሪፖርቱ የት ደረሰ ሲለኝ እየተመነዠገ ነው አልኩት፤ ቀልድ መስሎት ሣቀ።

ወር አለፈ፣ ፍየሏ ንቅንቅ አላለችም። እኔ ስብራቷ አልገጠመም ብዬ ስብሰለሰል ወጌሻው ገብተው አልጋዬ ሥር ያለውን የቅጠል ክምር አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። አፏ ድረስ እያመጣሽላት ለምን ትቆማለች አሉኝ። በገዛ ደግነቴ እሷንም ራሴንም አስሬ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቧ በሩ ዘንድ ተቀመጠ። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው እየተንገዳገደች ሄደች፤ እኔም አልጋዬ ላይ እንደ ሠርገኛ እልል አልኩ፤ የግቢው ሰው የወለድኩ መስሎት ሮጦ መጣ።

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ወጌሻው ቢላዋ ይዘው መጡ። የፍየሏን ማሰሪያ ቆረጡ፤ በአራት እግሯ ቀጥ አለች። ከዚያ ቢላዋውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። እናትየዋ ግን እጃቸውን ያዙ።

"ቆይ፣ እሷን እንጠይቃት እንጂ" አሉ ወደ ፍየሏ እያዩ። "ትፈታ ወይስ ትታረድ?"

ፍየሏ ወደ አልጋው መጣች፣ የማሰሪያዬን ጫፍ አሸተተችና ታኝከው ጀመር። ወጌሻው ፈትታታለች ብለው ቆረጡልኝ። ሣቄ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። "ይቅር ይበሉኝ እናቴ" አልኳቸው፤ ያን ቀን ሣቅ ሸፍኖት ያላልኩትን ነው። እሳቸውም የፍየሏን ገመድ አስያዙኝ። እስከ መንታዎቹ ቤት ድረስ እያነከስን አደረስናት።

እስከ ዛሬ ስብራት ያለባት ፍየል ሲያመጡልኝ፣ ምንም ከመናገሬ በፊት መጀመሪያ የራሴን ቅልጥም እዳስሳለሁ።