ግራዝማች አለመሆናቸውን እናረጋግጣለን

የቴሌቪዥን ድራማ መጻፍ የጀመርሁት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በቆመ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ነው። ያን ጊዜ የአንድ ፋብሪካ ታይፒስት ነበርሁ፤ ለኪነት ቡድናችንም ተውኔት እጽፍ ነበር። ከአዲስ አበባ ለቀረጻ የመጡት አዘጋጅ ጓድ ጽጌ ይባላሉ። ደብተሬን ቆመው አነበቡና ቀና አሉ።

«ይህ ሰውዬ ሦስት ገጽ ሙሉ ይናገራል። እጁ ምን ይሠራል?»

«መናገር እንጂ ሌላ ሥራ የለውም» አልሁ።

«እንግዲያው ተመልካቹ ይተኛል። መረብ ስጠው፣ መቅዘፊያ ስጠው። ንግግሩን ደግሞ በግማሽ ቀንስ።»

እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጬ ቀነስሁ።

የድራማው ታሪክ አጭር ነው። ከአብዮቱ በፊት ግራዝማች ደምስ የሚባል ባላባት ያንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳ ይነጥቃል። ጽሑፉ በካርቦን በሦስት ቅጂ ይተየባል፤ አንዱ ለጓድ ጽጌ፣ አንዱ ለከተማችን ገምጋሚ ኮሚቴ፣ አንዱ ለኔ። የኮሚቴው ቅጂ ሲመለስ አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ «ግራዝማች ይስቃል» ያልሁት በቀይ እርሳስ ተሰርዞ «ፊውዳላዊ ሳቅ ይስቃል» ተብሏል።

ቢሯቸው ሄጄ ሰብሳቢውን «ጓድ፣ ፊውዳላዊ ሳቅ እንዴት ያለ ነው?» አልኋቸው። በቅንነት ነው የጠየቅሁት። ጥቂት አሰቡ። ከወንበራቸው ተነሡ፣ ሆዳቸውን ነፉና ሳቁ። ጸሐፊያቸው በሩን ከፍታ አየችንና ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው።

«ገባህ?» አሉኝ።

«ገባኝ ጓድ።» ማስታወሻዬ ላይ «ከሆድ፣ ረጅም» ብዬ ጻፍሁ።

ዓሣ አጥማጁን ለመጫወት አሥራ ሰባት ሰው ተመዘገበ። ባላባቱን የሚጫወት ግን ጠፋ። በመጨረሻ የቀበሌያችን ወጣት ሊቀመንበር የፋብሪካችንን የክር መጋዘን ኃላፊ አቶ ይርዳውን መደባቸው። አቶ ይርዳው ደሴት ላይ ያደጉ የመሪጌታ ልጅ ናቸው። ድምፃቸው ትልቅ ነው፤ ጠባያቸው ግን ክር ሲያስረክቡ እንኳ «ይቅርታ» የሚያሰኛቸው ነው።

በቀረጻው ቀን «ውኃው የኔ፣ ደንገሉ የኔ፣ ዓሣው የኔ!» ብለው ሲጮኹ የባሕሩ ወፎች ብር ብለው ተነሡ። ሳቁንም እንደታዘዘው ከሆድ ሳቁት። ከመሸንቲ ለአጃቢነት ከመጡት ገበሬዎች አንዱ ዱላውን ይዞ ሲንደረደር ካሜራማኑ ወገቡን ይዞ አስቀረው።

ድራማው ሲተላለፍ ሰፈሩ በሙሉ ቴሌቪዥኑ ወዳለበት የቀበሌ አዳራሽ መጣ። ሰው ጥርሱን ነክሶ ነው ያየው። እኔ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ አቶ ይርዳው ቀበሌ ሱቅ ስኳር ሊወስዱ ቢሰለፉ ሻጯ «ለባላባት ስኳር የለም» አለቻቸው። ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። በሳምንቱ «የጓድ ይርዳው የመደብ አመጣጥ ይጣራ» የሚል ማመልከቻ ቀረበ። በዚያ ዘመን ይጣራ ተብሎ ተጠርቶ ሳይመለስ የቀረ ሰው እናውቃለን። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች ቤቴ ድረስ መጥተው «የጻፍኸው አንተ ነህ፤ አንተው አውጣልኝ» አሉኝ።

እሑድ ለሂስና ግለ ሂስ ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ ጀመረ።

«ጓድ ይርዳው፣ እንደዚያ መጨቆን ከየት ተማርህ?»

መድቦ የላካቸው እሱ ራሱ እንደሆነ ማንም አላነሣም።

«ከወረቀቱ ላይ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። «አንተስ ከየት አመጣኸው?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«አባቴ ከመሬቱ ሲነቀል የተባለውን ነው የጻፍሁት።» እውነቴን ነበር።

«ማስረጃ?»

«አባቴ ሞቷል፣ ጓድ።»

«ማስረጃ የለም» ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ።

ይህን ጊዜ እማሆይ ወለተ ማርያም ከኋላ ተነሡ። በወጣትነታቸው ባላባት ቤት ያገለገሉ መነኩሲት ናቸው።

«ልጄ፣ እኔ ባላባት አውቃለሁ። ሃያ ዓመት እጁን አስታጥቤዋለሁ። ይርዳው ባላባት አይደለም። ባላባት አይመስልምም።»

«እንዴት እማሆይ?»

«ይጮኻላ! የኔ ጌታ ጮኾ አያውቅም። እንጀራውን እየቆረሰ፣ ቀስ ብሎ፣ ‹ያን ሰው ነገ እንዳላየው› ይላል። በነጋታው ሰውየው የለም። የሚጮኸውማ አሽከሩ ነው። ይርዳው የተጫወተው አሽከሩን ነው፤ እሱንም አላወቀበትም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። ተረፍን ብዬ ስተነፍስ አቶ ይርዳው ብድግ አሉ።

«እማሆይ፣ አላወቀበትም ሲሉ፣ የቱ ላይ ነው?»

እጅጌያቸውን ጎተትሁ። አልተቀመጡም።

«ታንኳውን ስነጥቅ ነው ወይስ ስስቅ?»

«ሳቁማ ያሳፍራል» አሉ እማሆይ።

የገምጋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ዞረው አላዩም።

ጉዳዩ በደብዳቤ ተዘጋ። የተየብሁት እኔው ነኝ፦ «የዚህ ደብዳቤ ያዥ ጓድ ይርዳው፣ ግራዝማች ደምስ አለመሆናቸውን፣ ከዚህ በፊትም ሆነው እንደማያውቁ እናረጋግጣለን።» ማኅተም ተመታበት። ሻጯ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ስኳሩን መዘነች።

አቶ ይርዳው ግን አልተጽናኑም። ከሥራ ሲወጡ እማሆይ ዘንድ እየሄዱ ያን ቀስ ያለ ንግግር መማር ያዙ። እኔም አብሬያቸው ሄድሁ። አባቴ ቃሉን ነገረኝ እንጂ የተባለበትን ድምፅ አልነገረኝም ነበር።

በሁለተኛው ድራማ ባላባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጋቢውን ጥለት እያስተካከለ «ታንኳህን ለልጄ ታውሰዋለህ፣ አይደል?» ይላል። ሌላ ምንም አይልም። አቶ ይርዳው ይህን ሲሉ ጓድ ጽጌ «ቁም» ማለት ረሱ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የፈራውን ሰው ያን ቀን አየሁት።

ከኮሚቴው በቀይ እርሳስ መልስ መጣ፦ «ባላባቱ ጨዋ ሆኗል። ይጩህ።»

ጓድ ጽጌ ድጋሚ አልቀርጽም አሉ። ካሴቱ ሳይተላለፍ ቀረ። አቶ ይርዳው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ባገኙኝ ቁጥር «መቼ ነው የሚተላለፈው?» ይሉኝ ነበር። «በቅርቡ» እላቸው ነበር።

በዚህ ሙያ ለምትጀምሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጨቋኝ ስትጽፉ ድምፁን ዝቅ አድርጉት። ኮሚቴው ይመልስባችኋል። እናንተ ግን እንደዚያው ጻፉት።