ከማንጎው ሥር የተቀመጠችው ሴት

የሺሀረግ ከድስቷ ንፍሮ እየጎደለ መሆኑን ያወቀችው በ1978 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ከወሎ መጥታ፣ ከአሶሳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ አምባ ከሰፈረች ገና ዓመት መሙላቷ ነበር። ባሏ በድርቁ ሞቶ የቀረቻት የዘጠኝ ዓመት ልጇ ብርሃነሽ ብቻ ናት። ጠዋት ወደ ሰፋሪዎቹ የጋራ እርሻ ስትወጣ ንፍሮውን ከድና ትሄዳለች፤ ስትመለስ ግማሹ የለም።

መጀመሪያ ጎረቤቷን ብዙወርቅን ጠረጠረች። ሰላምታዋን ቀነሰች፤ እሳት ልትጭር ስትመጣም "ጠፍቷል" ብላ መለሰቻት። ቀጥላ የአምባውን ጠባቂ አንለይን ጠረጠረች፤ በየቤቱ እየገባ የሚፈትሽ እሱ ነውና። ልጇን ግን አልጠረጠረችም። ልጅቷ እየከሳች ነበር።

አንድ ቀን "ራሴን አሞኛል" ብላ ከእርሻው ቀደም ብላ ተመለሰች። ብርሃነሽ ቅል አቅፋ በቀርከሃው መሀል ወደ ወንዙ ስትወርድ አየቻትና ተከተለቻት። ከማንጎ ዛፍ ሥር አንዲት ሸምገል ያለች የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሴት ተቀምጣለች። ልጅቷ ቅሉን ሰጠቻት። ሴትየዋ ጥቂት ዘግና የቀረውን ወደ ልጅቷ ገፋችው።

"ማን ነሽ? ማን ነው የላከሽ?" አለች የሺሀረግ ከቀርከሃው ወጥታ።

"ዐፊፋ። ማንም አልላከም።"

"ቤትሽስ?"

ሴትየዋ ወደ አምባው ጠቆመችና በተሰባበረ አማርኛ መለሰች። "ቤት እዚያ ነበረ። ትራክተር መጣ። ሰው ሁሉ ሆሞሻ ሄደ። እኔ ልጅ እዚህ ቀበረ፤ እኔ አልሄደም።"

የሺሀረግ አላመነቻትም። በዚያ ሰሞን ከአምባው ወደ ሱዳን የሚጠፉ ሰዎች ነበሩ፤ መንገድ የሚያሳዩአቸውም የአገሩ ሰዎች ናቸው ይባል ነበር። ልጄን አባብላ ልትወስድብኝ ነው ብላ የብርሃነሽን ክንድ ይዛ ወጣች።

"ሁለተኛ እዚያ ድርሽ እንዳትይ፤ ሴትየዋ ሌባ ናት" አለቻት ቤት ሲደርሱ።

"እማ፣ በድርቁ ጊዜ የእርዳታ ድንኳን ውስጥ ሳለን ሰው ይሰጠን አልነበር?"

"ይሰጠን ነበር።"

"ያን ጊዜ እኛንም ሌባ ናቸው ይሉን ነበር?"

የሺሀረግ ልጅቷን ከደጅ እንዳትወጣ ከለከለቻት።

በሐምሌ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠውና የእህል ራሽን የሚያመጣው መኪና ቀረ። ድስቱ ባዶ በሆነ በሦስተኛው ቀን ዐፊፋ የቀርከሃ ቡቃያ ታቅፋ በራፉ ላይ ቆመች። "ይሄ ይበላል" አለች።

ብዙወርቅ ከአጥሩ ማዶ፣ "መርዝ እንዳይሆን" አለች።

ዐፊፋ አልተቆጣችም። ቡቃያውን ላጠች፣ ቀቀለች፣ የመጀመሪያውን ውኃ ደፍታ እንደገና ቀቀለችና ራሷ ቀድማ በላች። የሺሀረግ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ የዐፊፋን ፊት ስታይ ቆየች። ከዚያ ቀመሰች፤ ለልጇም ሰጠች።

አንለይ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። "ይህች ሴት እዚህ ምን ትሠራለች?"

"የሚበላ እያሳየችን ነው።"

"መንገድ እያሳየች እንደሆነስ?"

"ከጠረጠርክ ቁጭ ብለህ ስማት" አለችው። ተቀመጠ። እሱም ርቦት ነበርና በላ።

በማግስቱ የሺሀረግ ልጇን ይዛ ብዙወርቅ ቤት ሄደች። "ንፍሮዬን የምታጎድዪው አንቺ መስለሽኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ" አለች። ብዙወርቅ አንገቷን ደፋች። "እኔ ደግሞ ሸሽገሽ የምትበዪ መስሎኝ ስከታተልሽ ነበር የከረምኩት።"

ሲመለሱ የሺሀረግ ለብርሃነሽ እንዲህ አለቻት፦ "መስጠትሽ አላስቀየመኝም፤ መደበቅሽ እንጂ። ከእንግዲህ አብረን እንሰጣለን። ሴትየዋ ግን የቅል ንፍሮ ብቻ አይደለም የጎደላት። ቤትም ነው።"

ለዐፊፋ ጎጆ ክዳን ሦስት ቀን ሣር አጨዱ። ማገሩን ዐፊፋ ራሷ አሰረች፤ ሌላ ሰው እንዲያስርላት አልፈቀደችም። ብርሃነሽን አጠገቧ አስቀምጣ ቀርከሃ መሰንጠቅና ቅርጫት መሥራት አስተማረቻት። ልጅቷ ጣቷን ቆርጣ ስታለቅስ፣ "አንተ እጅ ይማራል። ራሽን ቢቀር አንተ አትለምንም" ትላት ነበር፤ በአማርኛዋ ሴትና ወንድ አትለይም።

ብርሃነሽ በአሥራ አራት ዓመቷ የሠራችውን ቅርጫት አሶሳ ገበያ ወስዳ እየሸጠች ደብተሯን በራሷ ትገዛ ነበር። የሺሀረግ ግን ዐፊፋን ከልቧ ለማመን ሁለት ክረምት ፈጅቶባታል። ልጅቷ ከጎጆው በተመለሰች ቁጥር "ምን አለችሽ?" ማለቷን የተወችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ጥርጣሬዋንም ከልጇ አልደበቀችም።