አባዬ ሻንቆ የሚለው እኔን ብቻ ነበር

ሰው በሕፃን ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጸጉሬ ሸብቷል፣ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል። ይህን ሁሉ ይዤ፣ የእህቴ ልጅ በወለደቻት፣ ገና አንገቷ እንኳ ባልጠና ልጅ እርር ድብን አልኩ። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም፤ አፍሬ።

ነገሩ የስም ነገር ነው። አባዬ የደሴ ሰው ነው። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ መቐለ ጭነት ሊያወርድ መጥቶ እናቴን አየና ቀረ። ቤታችን ውስጥ ከእናቴ ጋር ትግርኛ፣ ከእሱ ጋር አማርኛ እናወራ ነበር። እስከ ዛሬ ስቆጣ በትግርኛ ነው፣ ስቀናጣ በአማርኛ። አባዬ ከመንገድ ሲመለስ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ ጡሩንባውን ሁለት ጊዜ ያሰማና፣ ከጋቢናው ሳይወርድ፣ "የት አለች ሻንቆዬ?" ይላል። ሻንቆ እኔ ነኝ፤ ጥቁር ስለሆንኩ ያወጣልኝ ስም ነው። እየበረርኩ እወጣለሁ። ከመንገድ የገዛውን ብርቱካን ከከረጢቱ ሲያወጣ የመጀመሪያው የእኔ ነበር።

እህቴ በሁለት ዓመት ታንሰኛለች፤ ቀይ ናት። ቀይ ስል ደግሞ እንግዳ በገባ ቁጥር "ኧረ በስላሴ፣ ይህቺን ልጅ ከዓይን ሰውሯት!" የሚያስብል ቅላት ነው። የእሷ ጉንጭ ይሳማል፣ የእኔ ራስ ይዳበሳል። ፎቶ ቤት ስንሄድ ፎቶ አንሺው እሷን ወደ መብራቱ ያስጠጋና እኔን "አንቺ ትንሽ ፈንጠር በይ" ይለኛል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ለበዓል ልብስ ስትገዛ ቢጫውን ለእሷ ትሰጥና "አንቺን ይህ አይሄድብሽም" ብላ ቡናማውን ታለብሰኛለች። ምን ያህል ቡናማ ቀሚስ እንደለበስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እስከ ዛሬ ያን ቀለም ሳይ ቆሽቴ ያራል።

ለእህቴ ግን አባዬ ያወጣላት ስም አልነበረም። በመዝገብ ስሟ ነበር የሚጠራት። አንድ ቀን አልቅሳ "እኔንስ ማን ትለኛለህ?" ብላ ጠየቀችው። "አንቺማ አንቺው ነሽ" አላት። እሰይ አልኩ በሆዴ! ጎረቤታችን ያለ ጥቁር ውሻም ሻንቆ ይባል ነበር፤ የሰፈር ልጆች በእሱ ሊያበሽቁኝ ይሞክራሉ፣ እኔ ግን ንቅንቅ አልልም። ውሻውን አባዬ አልጠራውም እኮ፣ ምን አገባኝ።

እንዲህ ሆኜ አደግሁ፣ አላገባሁም፣ ከአባዬ ጋር ቀረሁ። ከጦርነቱ በፊት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥሬ ነበር፤ የጥልፍ ማሽን ላይ ነበርኩ። አጠገቤ ከአሶሳ የመጣች ሴት ትሠራ ነበር። ከእኔ ይልቅ ትጠቁራለች፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ። አንድ ቀን ስለ አባዬ እያወራኋት "ሻንቆ ነው የሚለኝ፣ እስከ አሁን!" ብዬ ሳቅኩ። እሷ ማሽኗን አቆመች።

"ቃሉ ሻንቅላ ከሚለው የመጣ ነው" አለችኝ። "እኛን ነው እንደዚያ የሚሉን። በአያቴ ጊዜ በዚህ ቃል የሚጠራን ሰው ሊወስደንና ሊሸጠን የመጣ ሰው ነበር።"

አልተቆጣችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ማሽኗን መልሳ አስነሳችና ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ወደ ጥልፌ አጎነበስሁ። ይቅርታ እንኳ አላልኳትም፤ ስለምን ይቅርታ እንደምል ግራ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ ፊት ያን ቃል አላነሳሁም።

ማታ እቤት ስገባ ግን አባዬ "ሻንቆዬ፣ መጣሽ?" አለ። "አቤት አባዬ፣ መጣሁ" አልኩ። ምን ላድርግ? ከአባዬ አፍ ሲወጣ ሌላ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የአሶሳዋ ሴት የነገረችኝን ለእሱም ለማንም አልተነፈስኩም። ስሙ እንዲቀርብኝ አልፈለግሁም፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ከዚያ የጦርነቱ ዓመታት መጡ። መንገድም ስልክም ሲዘጋ እህቴ ከነልጇ አዲስ አበባ ነበረች። የአባዬን የስኳር መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን በእግሬ ያዳረስኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ተከፍቶ እህቴ ከነልጇ ጠቅልላ ስትመጣ አባዬ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ በር ላይ ሻንጣዋን ይዤ ቆሜ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለእኔ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣም፤ እዚያው ስለነበርኩ ይሆናላ! ቢሆንም ማታ "ሻንቆዬ፣ ውሃ" ሲለኝ ሁሉም ነገር ተረሳኝ።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ሴት ልጅ ወለደች። እናትየዋ እንደ እናቷ ቀይ ናት፤ ባሏም ቀይ ነው። ልጅቷ ግን ጥቁር ሆና መጣች። እኔን ቁርጥ! ሰው ሁሉ አንዴ ልጅቷን አንዴ እኔን ያያል። "ሓትኖኣ መሲላ" ይባባላሉ፤ አክስቷን መሰለች ማለታቸው ነው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። በዚያ የቀያዮች ቤት ውስጥ አንድ ወገን ያገኘሁ መሰለኝ።

አንድ እሑድ ሁሉም ሳሎን ተሰብስበዋል። እኔ ማድ ቤት ቲማቲም እከትፋለሁ። አባዬ "ሻንቆዬ!" ሲል ሰማሁ።

"አቤት አባዬ!" ብዬ እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ከተፍ አልኩ።

ሕፃኗን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በጣቱ አገጯን ይነካካል። ቀና ብሎም አላየኝ። "አንቺን አይደለም" አለኝ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እህቴ "ጉድሽ ፈላ፣ ስምሽን ወሰደችብሽ!" አለች። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴን ማን ይከለክለዋል። ወደ ማድ ቤት ተመልሼ ያን ቲማቲም ድልህ እስኪመስል ቀጠቀጥሁት።

ከዚያ በኋላ እሑድ መጣ ማለት ለእኔ መከራ መጣ ማለት ሆነ። "ሻንቆዬ ተኛች?" "ሻንቆዬ ጠባች?" "ሻንቆዬን ወደዚህ አምጧት።" ጆሮዬ ቆሞ ይውላል። አንዳንዴ ሳላስበው "አቤ..." ብዬ እጀምርና እውጠዋለሁ። እኔን ደግሞ "አንቺ ልጅ" ማለት ጀመረ። አንቺ ልጅ! በሃምሳ ሁለት ዓመቴ! ሕፃኗን ሳቅፋት ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች፣ ትስቃለች፤ እኔም እስቅላታለሁ። መልሼ ሳስተኛት ደግሞ ያው ቅናቴ ይመጣል።

ለሰማንያ ቀኗ ጥቂት ሲቀር የእህቴ ልጅ ነጭ መታቀፊያ ይዛ መጣች። ከፋብሪካ ከወጣሁ ወዲህ እቤቴ ጥልፍ እሠራለሁ፤ የሰፈሩ የክርስትና ልብስ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው።

"ሓትኖይ፣ ጫፉ ላይ በወርቃማ ክር 'ሻንቆዬ' ብለሽ ጥለፊልኝ" አለችኝ። "አያቴ ያወጣላት ስም ነው፣ ደስ ይለዋል።"

ያወጣላት! ቃላሚኖ ልዩ ትምህርት ቤት የተማረች፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ናት፤ ስሙ ከእሷ በፊት የማን እንደነበር ማሰብ ግን አልቻለችም። "እሺ የኔ ቆንጆ" ብዬ ተቀበልኳት። ክሩን መርፌው ውስጥ ከተትሁ። የመጀመሪያዋን ፊደል ጨረስሁ፤ "ሻ" ብላ አማረች። ሁለተኛዋን ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለ። የራሴን ስም በገዛ እጄ ለሌላ ሰው እንድጽፍ? ደሜ ፈላ።

የአሶሳዋ ሴት ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። ስንት ዓመት ደብቄያት የኖርኩ ሴት፣ ስትጠቅመኝ ጊዜ መጣችልኝ።

በማግስቱ እሑድ ምሳ ከተነሳ በኋላ መታቀፊያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ፊደሏን ፈትቻታለሁ።

"እኔ ይህን ቃል አልጠልፍም" አልኩ። "ለልጅ የሚሆን ስም አይደለም። የባርነት ቃል ነው።" ከዚያ የአሶሳዋ ሴት የነገረችኝን ሁሉ ዘረገፍሁት፤ ሻንቅላ ከሚለው እንደመጣ፣ በዚያ ቃል እየተጠራ ስንቱ ሰው እንደተሸጠ፣ ያ ሕዝብ ዛሬም ሲሰማው እንደሚያመው። አንዱም ውሸት አልነበረም። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለእውነት የተቆረቆርኩ መሰልኳቸው።

"ዋእ! ሓትኖይ፣ የእውነትሽን ነው?" አለች የእህቴ ልጅ፤ ልጇን ከአባዬ ጭን ላይ አነሳቻት።

እህቴ ግን ታውቀኛለች። "አንቺን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲጠራሽ አፍሽ የት ነበር?" አለችኝ።

"አላውቅማ ነበር" አልኩ። ዋሸሁ።

አባዬ ባዶ ጭኑን በእጁ እየዳበሰ መናገር ጀመረ።

"ልጅ ሆኜ፣ ጎረቤታችን የነበረው ባላባት ቤት ውሃ የምትቀዳ ሴት ነበረች። ጥቁር፣ ረጅም። እናቴ ገበያ ስትውል እኔን የምታበላኝ እሷ ነበረች። ከራሷ ድርሻ ቀንሳ ነበር የምትሰጠኝ። ሻንቆ ይሏት ነበር፣ እኔም ሻንቆ እላታለሁ። የባላባቱ ልጅ ስትዳር ከከብቱና ከዕቃው ጋር እሷም ተሰጠች። መንገድ ድረስ እያለቀስሁ ተከተልኳት።" ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ስትወለጂ መልክሽን ሳይ እሷ ትዝ አለችኝ። በፍቅር ነው ያልኩሽ፤ ከምወደው ሰው ወስጄ።"

"ስሟን ግን አልጠየቅኳትም" አለ። "እናቷ ያወጣችላት ስም ነበራት እኮ። እኔም አልጠየቅሁ፣ ማንም አልጠየቀ።"

ያኔ ላለቅስላት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ምስኪን ሴትም ቀናሁ። የመጀመሪያዋ ሻንቆ እኔ እንኳ አልነበርኩም ለካ! ሃምሳ ዓመት የእኔ ብቻ ነው ብዬ የያዝሁት፣ ለሕፃኗ እንዳይደርስ የተሟገትሁለት ስም፣ ከዕቃ ጋር ከተሰጠች ሴት የተወሰደ ነው። መታቀፊያውን አጥፌ ተቀመጥሁ።

"ልክ ነሽ" አለኝ አባዬ። "ከእንግዲህ በዚህ ቤት ሰው የሚጠራው በስሙ ነው።"

ለሕፃኗ ያለ መስሎኝ ነበር። ደስ እንኳ ብሎኝ ነበር።

ክርስትናው አለፈ። መታቀፊያው ላይ የክርስትና ስሟን ጠለፍሁላት፤ ሁሉም አደነቀልኝ። የሚቀጥለው እሑድ ሁሉም እንደ ልማዳቸው ሳሎን ተሰበሰቡ፤ እኔ ማድ ቤት ዕቃ እያጠብሁ ነበር። አባዬ ሰው ጠራ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠራ። ማንን እንደሆነ ልብም አላልኩ፤ ዕቃዬን አጥባለሁ።

እህቴ በሩ ላይ ብቅ አለች። "አትሰሚም እንዴ? አንቺን እኮ ነው!"

የመዝገብ ስሜን ነበር የጠራው። ትምህርት ቤትና ቀበሌ ስጠራበት የኖርኩትን ስም፣ ከአባዬ አፍ ሰምቼው የማላውቀውን። "አቤት" ብዬ እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ወጣሁ።

ውሃ ነበር የፈለገው። በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ፣ "ተባረኪ" ብሎ ስሜን ጨመረበት። ጥንቅቅ አድርጎ፣ እንዳይሳሳት እየተጠነቀቀ። ሕፃኗ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ እግሯን ታወራጫለች።

"አባዬ፣ እኔን እንኳ እንደ ድሮው በለኝ" ልለው ከንፈሬ ላይ ደረሰ። የአሶሳዋ ሴት ማሽኗን ስታቆም ታየችኝ። ዋጥሁት፣ ብርጭቆውንም ተቀብዬው ወደ ማድ ቤት ተመለስሁ።