የንብ ፌርማታ

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ጠጋ በሉ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ሚኒባስ በሚነዳበት ዘመን መንገድ ዳር ቆሞ እጁን የሚዘረጋ ሰው ካየ አልፎ መሄድ አይሆንለትም ነበር። መኪናዋ ጢም ብላ ሞልታ እንኳ ፍሬን ይይዝና አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እኚህ እናት በዚህ ፀሐይ ይቁሙ እንዴ ይላል። ተሳፋሪውም እያጉረመረመ ይጠጋለታል። መንዳት ካቆመ በኋላ እንኳ ስሙ አልተወውም፤ የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ «ጋሽ ጠጋ በሉ» እያሉ ነው ሰላም የሚሉት።

ዓይኑ ሲደክም መንጃ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረ፤ ሚኒባሷም ግቢያችን ውስጥ ቆማ ቀረች። የምንኖረው በእናታችን ቤት ነው። እሱ ሚስቱን ከቀበረ፣ እኔም ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ ወዲህ እንደ ልጅነታችን አንድ ጣሪያ ሥር ገብተናል። ግቢው ድሮ የእናታችን አበባ የሞላበት አፈር ነበር። ወንድሜ መኪናዋን የገዛ ጊዜ ጭቃ እንዳይነካት ብሎ ከዳር እስከ ዳር ሊሾ አስደረገው። አሁን ጎማዋ ተንፍሷል፣ ባትሪዋም ከሞተ ቆይቷል። እሱ ግን በየማለዳው መስታወቷን ይወለውላል። ማን ሊያይልህ ነው ስለው፣ እሷ ራሷ ታውቀዋለች ይለኛል።

ነገሩ የተጀመረው ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ወጣት ባለሙያ መጥታ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሰበሰበችን ቀን ነው። ግድግዳው ላይ የሰፈራችንን ካርታ አብርታ አሳየችን። ኢንተርኔት ላይ ያለ ካርታ ነው፤ ማንም በስልኩ ይከፍተዋል። ከላይ የተነሣ የሰፈራችን ፎቶ አለበት፣ ግቢው ውስጥ ለመትከል የተስማማ ሰው የራሱን ቦታ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል። በአንድ በኩል ጉብታው ላይ ያለው ጫካ፣ በሌላ በኩል የሸተተው ወንዛችን ይታያል። በመካከላቸው ያለው ቆርቆሮና ሲሚንቶ ብቻ ነው። ወንዙ ዳር ብንተክል እንኳ ንቡና ቢራቢሮው ከጫካው ወርዶ እዚያ የሚደርስበት መንገድ የለውም አለችን። ትንሽ ፍጥረት ያለ ጥላና ያለ ምግብ ሩቅ መሄድ አይችልም። ማዘጋጃ ቤቱ ወንዙን የሚያጸዳውና ችግኝ የሚያድለው ከጫካው እስከ ወንዙ ያልተቋረጠ መስመር ላወጣ ሰፈር ነው፤ መስመሩም ክረምቱ ሳይገባ ካርታው ላይ መሙላት አለበት።

ወንድሜ ከኋላ ወንበር ተነሣ። «እንግዲያው የቸገረሽ ፌርማታ ነዋ» አላት።

ሰው ሳቀ። እሷ ግን ደስ ብሏት ጠራችውና፣ እርስዎ ቢሆኑ የት የት ያቆማሉ ብላ ካርታው ፊት አቆመችው። ወንድሜም እንደ ለመደው አራርቆ ማቆም ጀመረ፤ አንዱን ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ ከዚያ እስከ ክሊኒኩ ድረስ ምንም የለም።

«ንብ ሚኒባስ አይደለችም፣ አባቴ» አለችው። «ጠጋ ጠጋ ያድርጓቸው።»

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ለምን እንደሳቅን ሳይገባት እሷም አብራን ሳቀች። ወንድሜም በዚያው የመስመሩ ኃላፊ ሆኖ ተመርጦ፣ ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ስልኩን ይዞ በር ሲያንኳኳ ይውላል። ካርታው ላይ ያለውን ጽሑፍ የማነብለት እኔ ነኝ። እሱን ዓይን፣ እኔን ፍጥነት ስለሚጎድለን የአንዱን ቤት ስም አንብበን እስክንጨርስ የቤቱ ባለቤት ወጥቶ ምን ፈለጋችሁ ይለናል። ዳቦ ጋጋሪው አጥሩ ሥር ሊተክል ተስማማ። ክሊኒኩም በበሩ ግራና ቀኝ ፈቀደ። ያስቸገረችን ልብስ አጣቢዋ ጎረቤታችን ነበረች። ግቢዋ ሁሉ ሊሾ ነው፣ ከላይ ደግሞ የልብስ ገመድ እንደ ሸረሪት ድር ተወጥሮበታል። ንብ ነጭ አንሶላ ላይ ስታርፍ ምን ጥላ እንደምትሄድ ታውቃለህ ወይ ብላ ሞገተችው። እሱ ደግሞ ከጫካ የመጣች ንብ ጨዋ ናት እያለ ተከራከራት። በመጨረሻ ሁለት ገመድ አነሣችለት፤ በአጥሩ ጥግ ያለውን ሊሾም ባሏ በዶማ ፈነቀለው።

በዚህ መካከል ወንድሜ አንድ ሞኝነት ሠራ። ፎቶው አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ከላይ የሚያየን መስሎት ኖሯል። አንድ ጠዋት መሰላል አቁሞ የሚኒባሷን ጣሪያ በሳሙና ሲያጥብ አገኘሁት። ሰፈሩ ሁሉ ካርታውን ይከፍት የለም እንዴ አለኝ፤ በቆሻሻ ጣሪያ ይዩን? ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጥቶኝ ግቢው መሀል ቆመና ኮፍያውን አውልቆ ያውለበልብ ጀመር።

«ታየሁሽ፣ እትዬ?»

«መኪናህ ትታየኛለች። አንተ የለህም።»

«ደህና አድርገሽ እይ እንጂ፤ ኮፍያዬን እያወዛወዝኩ አይደለም እንዴ?»

«ኮፍያህም የለም።»

አላመነኝም። ቦታ ተቀያየርንና እኔ በተራዬ ነጠላዬን ሳውለበልብ ልብስ አጣቢዋ በአጥሩ በላይ አየችን። ማንን ነው የምትሸኙት አለችን።

ፎቶው ድሮ አንድ ጊዜ የተነሣ መሆኑን የነገረችን ባለሙያዋ ናት። መስመሩ ሊሞላ ሲቃረብ ልታየው መጣችና በረንዳችን ላይ ተቀምጣ ካርታውን ከፈተች። ከጫካው የጀመረው አረንጓዴ በዳቦ ቤቱ፣ በክሊኒኩ፣ በልብስ አጣቢዋ ግቢ እያለ እንደ ክር ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል። ከዚያ ማዶ የትምህርት ቤቱ አጥር ነው፤ ከአጥሩ በኋላ እስከ ወንዙ ድረስ ሁሉም አረንጓዴ ሆኗል።

«ይሄ የማን ግቢ ነው?» ብላ በሁለት ጣቷ ለጠጠችው።

ግራጫ ሊሾ ታየ። መሀሉ ላይ ደግሞ የሚያበራ ነጭ ጣሪያ።

እኔ አስቀድሜ አይቼው ነበር። ራሱ እስኪያየው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ወንድሜ የሰው ደጅ ሲያንኳኳ የራሱ ደጅ መስመሩ ላይ መሆኑ አንድም ቀን ትዝ አላለውም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ እንደገና አየ። ፎቶው ተበላሽቷል አለ። ባለሙያዋ ወደ ግቢው ዞር ብላ ሚኒባሷን አየችና ሻይዋን ጠጣች። ስትወጣ ግን ችግኙ የሚታደልበት ቀን እንደቀረበ በቀስታ ነገረችኝ።

በማግስቱ ወንድሜ ዘዴ ፈጠረ። መስመሩ ከልብስ አጣቢዋ ጓሮ ተነሥቶ፣ ከጓሮዋ ቀጥሎ ባለው መጋዘን ጀርባ ዞሮ ትምህርት ቤቱ ዘንድ እንዲደርስ አሰበ። ለዚህ ደግሞ ሴትዮዋ የቀሩትን ገመዶችም ማንሣት ነበረባት። ልብስ እየጨመቀች እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ እጇን በጎኗ አደረቀች።

«ጋሼ» አለችው፣ «ገመዴን አስነሥተው፣ ሊሾዬን አስፈንቅለው፣ ንቧ እርስዎ ደጅ ስትደርስ ወርዳ በእግሯ ትሂድ?»

 ቤት ተመልሶ ሚኒባሷ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። በሩ እንደ ድሮው በአንድ ጊዜ አልዘጋ ብሎ ደጋግሞ መታው።

ሲመሽ ይወጣል፣ ሲነጋ ይገባል። ምሳውን እዚያው መሪውን ተደግፎ ይበላል። እኔም ክፉ ቃል አልተናገርኩትም፤ መኪናዋን እኔም እወዳታለሁና። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ወደሚሰጥበት ቤት ከሥራ በኋላ የሚያደርሰኝ እሱ ነበር። ከኋላ በመስኮቱ በኩል ያለችው መቀመጫ የእኔ ናት። የሱቁን፣ የፀጉር ቤቱን፣ የመድኃኒት ቤቱን ጽሑፍ ከዚያ ሆኜ እየቆጠርኩ አነባለሁ። ወንድሜ በመስታወቱ ከንፈሬን ያያል፤ ቃሉን ሳልጨርሰው እንዳያልፈኝ ፍሬን ይይዛል። ተሳፋሪው ምን ሆነሃል ሲለው፣ እህቴ እያነበበች ነው ይላል። አንዳንዱ ይሳደባል፣ አንዳንዱ ደግሞ አብሮኝ ያነባል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤለት ሄድኩና እዚያችው መቀመጫዬ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ መሪውን እንደያዘ ነው። ወደ ኋላ አልዞረም።

«ልጆቼን ያሳደገች መኪና ናት፣ እትዬ» አለኝ።

«እኔንም አስተምራኛለች» አልኩት።

 ልብስ አጣቢዋ ማዶ አንሶላ ስታራግፍ ይሰማል። ባሏ በፈነቀለው ጥግ ላይ የተከለችው ነገር ገና ሁለት ቅጠል ነው፤ በአጥሩ ቀዳዳ ይታየኛል። በዚህ በኩል ያለው ሊሾ ግን ፀሐዩን እየመለሰ ዓይን ያጥበረብራል። ሻዬን ጨረስኩ። ከዚያ ያን ጊዜ ትምህርት ቤቴ በር ስንደርስ እንደምለው፣ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ፣

«ወራጅ አለ» አልኩት።

ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ እሱ ግን እየሳቀ ነበር። እግሩ ራሱ ሳያስበው ፍሬኑን ረግጦ ኖሯል። ወርዶ ዞረና በሩን ከፈተልኝ። እጄን ይዞ አወረደኝ፤ ሁለታችንም ወረድን።

የሰፈሩ መካኒክ ለመለዋወጫ ዕቃዋ እወስዳታለሁ አለ። ሞተሯ አልነሣ ስላለ መገፋት ነበረባት፤ ይሄ ደግሞ ለሰፈራችን አዲስ ነገር አይደለም። ጉልበት ያለው ሁሉ በየጊዜው ገፍቷት ያውቃል። ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ መጣ። ልብስ አጣቢዋ እጅጌዋን ሰብስባ ከኋላ ገባች። ድሮም ከፍለን እየገፋን ነበር የምንሄደው፣ ዛሬ ቢያንስ በነጻ ነው አለች። ወንድሜ መሪው ላይ ካልሆንኩ አይሆንም ብሎ ተቀመጠ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ክላክሱን ተጫነው። ባትሪ የላትምና ድምፅ የለም። ጊዜ ሳያጠፋ በአፉ ነፋው። መካኒኩ በር ላይ ሲያስረክባት ጣሪያዋን ሁለት ጊዜ መታ አደረጋት፤ ረዳቶች መኪና ሞልቷል፣ ሂድ ሲሉ እንደሚመቱት ዓይነት።

ሊሾው ሲፈነቀል ከሥሩ ያለው አፈር በዘይት ጠቁሮ ተገኘ። ባለሙያዋ እንዲህ እንዳለ ብንተክል ችግኙ ይሞታል ብላ አስወጣችው፤ ሌላ አፈር አስመጣችልን። ወንድሜ ይህን ያህል ዘይት ስታፈስ ሳልሰማት አለ፤ በነጋታው ደግሞ ስሟን አጠፋሁ ብሎ ተጸጸተ። ክረምቱ ሳይገባ ግቢያችንን ካርታው ላይ በጣቱ ነካው፣ ክሩም ተቀጠለ። ወንዙን የሚያጸዱት ሰዎች በሳምንቱ መጡ። ንብ ግን ወዲያው አልመጣም። መጀመሪያ የመጣው አባጨጓሬ ነው፤ ወንድሜም አንዱን በእንጨት አንሥቶ፣ ተሳስተህ ወርደሃል እያለ ወደ ጉብታው በኩል አዞረው።

ፎቶው ግን አልተለወጠም። አሁንም ካርታው ላይ ግቢያችን ግራጫ ነው፣ የተነካው አረንጓዴ ቀለም እንደ ስስ ሻሽ ከላይ ለብሶታል። መሀሉ ላይ ሚኒባሷ ጣሪያዋ እያበራ ቆማለች። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት መስታወት ይወለውልበት በነበረው ሰዓት ስልኩን ይከፍታል። በቀደም ባለሙያዋን ፎቶው መቼ እንደሚታደስ ጠየቃት። እሷም ቅር ያለው መስሏት፣ ይቅርታ አባቴ፣ አንዳንዴ ዓመትም ይፈጃል አለችው።

«ኧረ ምንም አይደለም» አላት። «አትቸኩሉ።»

እሱ አትክልቱን ሊያጠጣ ሲወጣ ስልኩን እኔ አነሣዋለሁ። በሁለት ጣቴ እለጥጠዋለሁ። ከላይ ለሚያይ መስኮት አይታይም፣ የሚታየው ጣሪያ ብቻ ነው። የእኔ መቀመጫ በየት በኩል እንደሆነች ግን አውቀዋለሁ።