ቫልቭ ልጠግን ሄጄ

ሸሕዲ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ቀን የሰሊጥ ገበሬው ጋሽ አዳነ ከሱዳኗ ገላባት ያመጡት አሮጌ አምፕሊፋየር አስቸገራቸውና፣ «መምህር፣ ያቺ አምፑል የመሰለች ቫልቭ አጠገብ ሳስል ስፒከሩም አብሮኝ ያስላል፤ እስቲ መጥተህ እየው» አሉኝ። ስለ ቫልቭ የማውቀው ነገር የለም። ልጃቸውን እታገኝን ግን አውቃታለሁ። ካቻቢቴ ተውሼ ከተፍ አልኩ።

ቤቱ እንደ ምድጃ ስለሚፋጅ ጋሽ አዳነ ስፒከሩን በረጅም ሽቦ ውጭ ዛፍ ሥር አውጥተው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ጥላ ይዘዋል። እኔ ውስጥ ሆኜ፣ በርታ የቀላችው ቫልቭ ላይ አጎንብሼ ላቤን አንጠፈጥፋለሁ። እታገኝ ባትሪ ታበራልኛለች።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ!» አልኳት በሹክሹክታ፤ ከንፈሬ ቫልቯን ሊነካ ምንም አልቀረው። «የመጣሁት ላንቺ ብዬ ነው። አባትሽን ግን እፈራቸዋለሁ፤ ሲቆጡ ከዚህ ዕቃ ይብሳሉ።»

ውጭ ሳቅ ፈነዳ። ምን አገኙ ብዬ ብወጣ ጎረቤቶቹ ሆዳቸውን ይዘዋል። ጋሽ አዳነ ብቻ አልሳቁም። ዓይናቸውን ከስፒከሩ ሳያነሱ፣

«መምህር» አሉኝ፣ «ካቻቢቴውን መልስና ሽማግሌ ላክ።»